ትንሹ የጎማ መዘውርና ትልቁ ኪሣራ

በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የዕቃ ዋጋና የዕቃ ጥቅም ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። የመደርደሪያውን ሰፊ ቦታ የያዘው ትልቅ ዕቃ ሳይሸጥ ዓመት ሲከርም፣ በመዳፍ የሚጨበጥ ትንሽ ዕቃ በመታጣቱ ደኅና የነበረ ሞተር ከሥራ ውጭ ሆኖ ይቆማል። ከእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች አንዱ በውሃ ፓምፕ ውስጥ የሚሽከረከረው መዘውር ነው፤ መካኒኮችና ነጋዴዎች በፈረንጅ ስሙ ኢምፔለር ይሉታል። በተለይም በጀልባ ሞተር ውስጥ የሚገኘው የጎማ ኢምፔለር ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ሳለ፣ በጊዜው ካልተለወጠ ሞተሩን በሙሉ ይዞት ይጠፋል።

ይህ ነገር ከባሕር ርቃ በምትገኘው በመተማ ምን ያገባዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ በወንዝ ዳር መስኖ የሚያለማው ገበሬ በሞተር ፓምፕ ስለሚጠቀም፣ ኢምፔለር የሚለው ስም በባለሱቁ ዘንድ የሚጠራ የዕቃ ስም ነው። ሁለተኛ፣ መተማ የጣና ዓሣ ደርቆ ወደ ሱዳን ሲሻገር የኖረባት በር ናት። ስለዚህ በጣና ላይ የቆመ ሞተር ጉዳቱ በሐይቁ ዳር ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ዓሣውን እስከሚጠብቀው ነጋዴ ድረስ ይዘልቃል።

ከደጋው ሐይቅ እስከ ቆላው ጠረፍ

መተማ ከጎንደር በስተ ምዕራብ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል የሚደረስባት፣ ከሱዳኗ ገላባት ፊት ለፊት የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት። በታሪክ ስሟ የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ባደረጉት ጦርነት የወደቁባት ስፍራ በመሆኗ ቢሆንም፣ ነጋዴው ከዚያም በፊት ጀምሮ የሚያውቃት በገበያዋ ነው። በዘመናችንም የቆላው ሰሊጥና ጥጥ የሚነገድባት፣ የሁለት አገር ሰው የሚገናኝባት ቦታ ሆና ቆይታለች።

የጣና ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተዘርግቶ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ነገር ግን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ውሃ ነው። የሐይቁ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚጓጓዘውና ዓሣ የሚያጠምደው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከሆላንድ አገር በተገኘ እርዳታ በተቋቋመው የዓሣ ሀብት ልማት ሥራ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች በገቡ ጊዜ ግን የሥራው መልክ ተለወጠ። በታንኳ ከዳር የማይርቀው አስጋሪ በሞተር ወደ ሩቁ ውሃና ወደ ወንዞች መግቢያ መድረስ ቻለ። ቀረሶውም ሆነ አምባዛው በብዛት ወጥቶ ለሩቅ ገበያ መብቃት የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

በጀልባ ጀርባ የሚታሰረው ሞተር ራሱ በዓለም ላይ የቆየ ዕቃ ነው። ተወላጅነቱ የኖርዌይ የሆነው ኦሌ ኤቪንሩድ በአሜሪካ አገር በሚልዋኪ ከተማ ሞተሮቹን ለገበያ ያቀረበው በ1909 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ የመጀመሪያውን የጀልባ ሞተር የሸጠው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተሮቹ በጉልበትም በአሠራርም እጅግ ተሻሽለዋል። ማቀዝቀዣቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው በዚያችው በትንሿ ጎማ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ጎማው እንዴት ይሠራል

የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም፤ ጀልባው የሚሄድበት ውሃ ራሱ ማቀዝቀዣው ነው። በሞተሩ የታችኛው ክፍል፣ ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ፣ ወንፊት የለበሰ የውሃ መግቢያ አለ። ከዚያ በላይ፣ ከሞተሩ ወደ ማርሹ በሚወርደው ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ኢምፔለሩ ተሰክቶ ይገኛል። ዘንጉና ጎማው አብረው እንዲዞሩም በመካከላቸው አንዲት ትንሽ የብረት ሽብልቅ ትገባለች።

ጎማው ብዙውን ጊዜ ስድስት ያህል ክንፎች አሉት። የሚዞርበት የብረት ጽዋ ደግሞ መካከሉ ከዘንጉ መካከል ጋር እንዳይገጥም ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን ገባ ብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ክንፎቹ በአንዱ ጎን ይዘረጋሉ፣ በሌላው ጎን ይታጠፋሉ። ሲዘረጉ በመካከላቸው ያለው ቦታ ይሰፋና ውሃ ይስባል፤ ሲታጠፉ ቦታው ይጠብና ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የተገፋው ውሃ በቱቦ ወጥቶ ሲሊንደሩንና ቴስታታውን ካቀዘቀዘ በኋላ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ይወጣል፤ ጥቂቱም በሞተሩ ጎን ካለች ቀዳዳ እንደ ቀጭን ክር ይፈነጥቃል። ይህች የውሃ ክር የሞተሩ የጤና ምስክር ናት።

ዋናው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ጎማው ከጽዋው ጋር ሲፋተግ የሚያለሰልሰው ዘይት ወይም ግራሶ አይደለም፤ የሚስበው ውሃ ራሱ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደረቅ መሬት ላይ ለሙከራ ተብሎ ቢነሣ፣ ክንፎቹ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መጋል ይጀምራሉ፤ ጥቂት ቢቆይም ይቃጠላሉ። ሻጩ የሞተሩን ድምፅ ለገዢ ለማሰማት ብሎ በሱቁ በር ላይ ያለ ውሃ የሚያስነሣው ሞተር፣ ገና ሳይሸጥ ጉዳት ጀምሮታል ማለት ነው።

ጎማውን የሚጎዱት ነገሮች

ከደረቅ መነሣት ሌላ የጣና ሞተር ሦስት ጠላቶች አሉት። የመጀመሪያው ደለል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ ከደጋው አፈር እየጠረጉ ወደ ሐይቁ ያስገባሉ፤ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለ ሆነም ነፋስ ሲነሣ የተኛው ጭቃ ይታወካል። ይህ ደቃቅ አሸዋ በጎማውና በጽዋው መካከል እየገባ ሁለቱንም እንደ ሞረድ ይፈገፍጋቸዋል። በጽዋው ላይ ጭረት ከወጣ ደግሞ አዲስ ጎማ ቢገባበትም ውሃው በጭረቱ ስለሚያመልጥ የተጠበቀውን ያህል አይገፋም።

ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ይህ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታወቀ ወዲህ በተለይ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ሲያስቸግር ቆይቷል። ሥሩና ቅጠሉ በውሃ መግቢያው ወንፊት ላይ ሲጠመጠም፣ ጀልባው ውሃ ላይ እያለ ፓምፑ ውሃ ያጣል። የተቀዳደደ ፌስታልም ይህንኑ ያደርጋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚያልፍ ባለጀልባ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃው አውጥቶ ወንፊቱን ሳያጸዳ መጓዝ የለበትም።

ሦስተኛው ሥራ መፍታት ነው። ሞተሩ ለብዙ ወራት ሳይነሣ ሲቀመጥ፣ በጠባቡ ጎን የታጠፉት ክንፎች እንደ ታጠፉ ይደርቃሉ። ከውጭ ሲታይ ሞተሩ ያላረጀ ይመስላል፤ ሲነሣ ግን ክንፎቹ ወደ ቦታቸው ስለማይዘረጉ ውሃው ይደክማል። ስለዚህ የጎማው ዕድሜ በሥራ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በዘመንም ይቆጠራል።

ጎማው ውሃ መግፋት ሲያቅተው የሚከተለው ጉዳት በቅደም ተከተል ይመጣል። በመጀመሪያ የውሃዋ ክር ትቀጥናለች፤ ቀጥሎ የሞተሩ ኃይል ይደክማል፤ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ያለውም ይጮኻል። በዚህ ጊዜ ወዲያው ካልጠፋ ፒስተኑ በሙቀት ያብጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል። የነከሰ ሞተር በሐይቁ መካከል ሲቆም ኪሣራው የብረት ብቻ አይደለም። ነፋስ በተነሣበት ሰዓት ሞተር የሌላት ጀልባ ሰዎቿን እንደ ያዘች ማዕበል ወደ ገፋት ትሄዳለች፤ የሰው ሕይወትም አደጋ ላይ ይወድቃል። የተያዘውም ዓሣ እንደ ሰሊጥ በጆንያ ተከምሮ ደኅና ገበያ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ በዚያው ቀን ካልደረሰ ከሰረ።

አለዋወጡ

የሥራውን አካሄድ ባለሱቁም ቢያውቀው ለደንበኛው ትክክለኛውን ዕቃ አሟልቶ መስጠት ይችላል። ብዙ ፋብሪካዎች ጎማው በየዓመቱ ወይም በየ100 ሰዓቱ ሥራ እንዲመረመር ያዝዛሉ፤ ደለል በሚበዛበት ውሃ ደግሞ ከዚህም ማሳጠር ይገባል።

ሥራው ሲጀመር ሞተሩ ሳይታሰብ እንዳይነሣ የካንዴላው ገመድ ይነቀላል። ማርሹም በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ በታዘዘው ቦታ ይደረጋል። ከዚያ የታችኛውን ክፍል ከላይኛው ጋር የያዙት ብሎኖች ይፈታሉ፤ የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ የሚላቀቅበት ሞተር ከሆነም ይላቀቃል። የታችኛው ክፍል ቀጥ ተደርጎ በዝግታ ወደ ታች ሲሳብ የፓምፑ ቤት ይገለጣል። ብሎኖቹ ተፈትተው ቤቱ በዘንጉ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ ጎማው ከነሽብልቁ ይገኛል። ሽብልቋ ትንሽ ስለሆነች ጭቃ ውስጥ እንዳትወድቅ አስቀድሞ ከሥር ጨርቅ ማንጠፍ ይበጃል።

የወጣው ጎማ ክንፎቹ ይቆጠሩ። አንድ ክንፍ ወይም የክንፍ ቁራጭ ከጎደለ፣ የጎደለው ቁራጭ ጠፋ ማለት አይደለም፤ በውሃው መንገድ ወደ ላይ ሄዶ በአንድ ጠባብ ቦታ ተወትፏል። ይህ ቁራጭ ሳይፈለግ አዲስ ጎማ ቢገባ ሞተሩ እንደገና ይግላል፤ ደንበኛውም «የሸጥህልኝ ዕቃ የማይረባ ነው» ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቀጥሎ የጽዋው ውስጥና ከጎማው ሥር ያለው ዝርግ ብረት በጣት ይዳሰሳሉ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ እነሱም መለወጥ አለባቸው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ተፍቆ አዲስ ይደረጋል። አዲሱ ጎማ በሳሙና ውሃ ይረጥባል፤ ይህም ክንፎቹ በቀላሉ እንዲገቡና በመጀመሪያው ዙር ደርቀው እንዳይፋተጉ ነው። ቤቱ በጎማው ላይ ሲጫን ዘንጉ በሚሠራበት አቅጣጫ፣ ይኸውም በአብዛኛው ሞተር ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ፣ በእጅ እየዞረ ክንፎቹ አንድ ወገን ተኝተው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ወደ ኋላ መዞር የለበትም።

የታችኛው ክፍል ሲመለስ የውሃው ቱቦ በጎማ ቀለበቱ ውስጥ በትክክል መግባቱ ይጠበቅ። ቱቦው ከቀለበቱ ውጭ ከቀረ አዲሱ ጎማ የሚገፋው ውሃ ወደ ሞተሩ ሳይደርስ ይፈስሳል። ብሎኖቹ በመስቀለኛ እየተዘዋወሩ እኩል ይጠብቃሉ። በመጨረሻም ሞተሩ በሐይቁ ወይም የውሃ መግቢያውን በሚሸፍን ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ፣ ማርሽ ሳይገባ ተነሥቶ፣ የውሃዋ ክር መፈንጠቋ ሲታይ ሥራው ተፈጸመ ይባላል።

የቆላው መዘውር ግን ሌላ ነው

አሁን ወደ መተማ መመለስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በስም አንድ በሥራ የተለያዩ ሁለት ዕቃዎች በአንድ ባንኮኒ ላይ ሲገናኙ ስሕተት ይወለዳል።

ከጭልጋ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርደውና በዚያ አትባራ የሚባለው የጓንግ ወንዝ፣ እንዲሁም በሱዳን ራሃድ ተብሎ የሚጠራው የሽንፋ ወንዝ በክረምት ደለል ተሸክመው ሞልተው ይፈስሳሉ፤ በበጋ ይሳሳሉ። ሽንኩርትና ሌላ አትክልት የሚያለማው ገበሬ ከእነዚህ ወንዞች ውሃ የሚስብበት ፓምፕ መዘውሩ የብረት ነው። አይተጣጠፍም፤ ውሃውን እያሽከረከረ ከመካከል ወደ ዳር ይወረውረዋል እንጂ እንደ ጎማው በመጭመቅ አይገፋም። ስለዚህ ሲነሣ አየር ይዞ ከሆነ ውሃ መሳብ አይችልም፤ አስቀድሞ ፓምፑ በውሃ መሞላት አለበት።

የዚህ ፓምፕ ሞተር አነስተኛው የቤንዚን ዓይነት ከሆነ ብዙውን ጊዜ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፣ ውሃ ሲቋረጥ ሞተሩ ራሱ አይነክስም። የሚጠፋው በመዘውሩ ጀርባ ዘንጉ ከውሃው ቤት የሚወጣበትን ቦታ የሚዘጋው የውሃ መከላከያ ነው፤ ደርቆ ሲዞር ይቃጠልና ፓምፑ ማንጠባጠብ፣ በኋላም አየር መሳብ ይጀምራል። የወንዙ ውሃ በበጋ ሲወርድ የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ከውሃው በላይ የቀረበት ገበሬ ይህ ጉዳት ይደርስበታል። የብረቱ መዘውርም በጓንግ ደለል ጫፉ እየተበላ ሲሄድ ፓምፑ እየጮኸ ውሃው ያንሳል። ገበሬው በዚህ ጊዜ ሞተሩ ደከመ ብሎ ለሞተሩ ዕቃ ያወጣል፤ ድካሙ ግን ከመዘውሩ ነው። የሁለቱ ዕቃዎች ሕግ በአንድ ነገር ይገናኛል፤ ውሃ የተሠራበትን ፓምፕ ያለ ውሃ ማስነሣት እርሱን መግደል ነው።

አስመጪውና ባለሱቁ ሊያደርጉት የሚገባ

ከሁሉ በፊት የትእዛዝ ደብዳቤ ነው። «ለውሃ ፓምፕ የሚሆን ኢምፔለር ብዛት ይህን ያህል» ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ ለላኪው ምንም አይነግረውም፤ የጎማውን የፈለገ የብረቱን፣ የብረቱን የፈለገ የጎማውን ሊቀበል ይችላል። በደብዳቤው ላይ የሞተሩ ፋብሪካ ስም፣ በሞተሩ ማሰሪያ ላይ በተለጠፈው ሳህን የሚነበበው የሞዴል ምልክትና ተራ ቁጥር፣ የፈረስ ጉልበቱ፣ የተሠራበት ዓመትና የዕቃው መለያ ቁጥር መጻፍ አለባቸው። በጉልበት እኩል የሆኑ ሁለት ሞተሮች እንኳ አንድ ዓይነት ጎማ ላይወስዱ ይችላሉ። በፋክቱሩም ላይ ይኸው መለያ ቁጥር እንዲሰፍር መጠየቅ፣ ዕቃው ሲደርስ በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ለማመሳከርና ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ እንዳይገባ ለመጠንቀቅ ይረዳል።

ሁለተኛው የአገዛዝ ዘዴ ነው። ጎማውን ብቻውን ከማዘዝ ይልቅ ጽዋው፣ ዝርጉ ብረት፣ ሽብልቁና ጓርኒሲዮኑ አብረው የታሸጉበትን ሙሉ ጥቅል ማዘዝ ለሻጩም ለገዢውም ይበጃል። ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር ጎማውን ገዝቶ ወደ ሐይቁ ዳር የሄደ መካኒክ በአንድ ጓርኒሲዮን ምክንያት ቢመለስ፣ የመንገዱ ኪሣራ ከጥቅሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሦስተኛው አቀማመጥ ሲሆን በተለይ የቆላውን ባለሱቅ ይመለከታል። በመተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀኖች አሉ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጎማ በሙቀት፣ በፀሐይ ብርሃንና በቤንዚን ትነት ሳይሠራ ያረጃል። ስለዚህ ከነመጠቅለያው፣ ከመሬት ገባ ባለ ቀዝቃዛና ጨለማ ሣጥን፣ ሳይጫነው ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት። ለማስታወቂያ ተብሎ በመስኮት ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ጎማ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። በየካርቶኑ ላይ የገባበትን ቀን ጽፎ ቀድሞ የገባውን አስቀድሞ መሸጥ፣ ሲታጠፍ ስንጥቅ የሚያሳየውንም አውጥቶ መጣል ይገባል።

አራተኛው መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ባለሞተር አንድ ካርድ ተከፍቶ የሞተሩ ቁጥር፣ ጎማው የተለወጠበት ቀንና የተሰጠው ዕቃ መለያ ቢጻፍበት፣ ባለሱቁ ከዓመት በኋላ ማን ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ያውቃል፤ ትእዛዙንም በግምት ሳይሆን በቁጥር ያደርጋል። ለመስኖ ፓምፕ ባለቤትም ይኸው ካርድ ከበጋው መስኖ በፊት ጥሩ አስታዋሽ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በዛሬው ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ነው። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚያ በር ይነግድ የነበረ ሰው ዕቃዬ በፈለግሁበት ቀን ይደርሳል ብሎ መተማመን እንደማይችል በሚገባ ተረድቷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ በብር ሲቆጠር አንድን ሞተር መተካት እጅግ ከባድ ሆኗል። ያለውን ሞተር በትንሽ ዕቃ ማኖር ለባለጀልባው ቁጠባ ነው፤ ዕቃውን አሟልቶ ለሚያቀርበው ነጋዴም የማያልቅ ገበያ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አስመጪው የሚቀጥለውን ትእዛዝ ከመላኩ በፊት የደንበኞቹን ሞተሮች ሞዴልና ቁጥር ቢያሰባስብ፣ ባለሱቁም በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ጎማዎች አንድ በአንድ አጥፎ ቢመረምር፣ ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ የሚያድነው ገንዘብና የሰው ሕይወት ግን ብዙ ነው።